ሲቀላ የከረመ ዓይን

አፀደ ጥልፍ ስትጠልፍ እንደ ሌሎቹ አታጎነብስም ነበር። የምትሠራበት ማህበር ጠላፊዎች አፍንጫቸው ጨርቁን ሊነካ እስኪደርስ ሲደፉ፣ እሷ ጀርባዋን ግድግዳው ላይ አስደግፋ፣ ቀሚሱን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ፣ ቀና ብላ ነበር የምትወጋው። አርባ ሁለት ዓመት ሞልቷት እንኳ መርፌዋ ላይ ክር ለማስገባት ወደ በር አትወጣም። "የአፀደ ዓይን የጭልፊት ነው" ይባልላት ነበር። ከሽሮ ሜዳ ወደ ጉለሌ በሚወስደው ቁልቁለት ግራና ቀኝ ካሉት ሙሽሮች ስንቶቹ እሷ የጠለፈችውን ለብሰው እንደተዳሩ ቆጥሮ የሚጨርስ የለም።

ራሷ ግን አላገባችም። እናቷ ስትሞት አፀደ የሃያ ዓመት ወጣት፣ ወንድሟ ይገዙ ገና ጡት የጣለ ሕፃን ነበር። አባታቸው ቀደም ብሎ አርፏል። ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ተልኮባት፣ ሁለቱንም ጊዜ "ልጁን ለዘመድ ስጪና" የሚል ነገር ስለተከተለ እሺ ሳትል ቀረች። መጀመሪያ ልጁን አዝላ እየጠለፈች፣ በኋላ ደብተሩን እያየች እየጠለፈች ዕድሜዋ ሄደ። ይገዙ አድጎ ማተሚያ ቤት ፊደል ለቃሚ ሆነ። ቀኑን ሙሉ የእርሳስ ፊደል ሲደረድር ውሎ፣ ቀለሙን በላምባ ከእጁ አስለቅቆ፣ አመሻሽ ላይ የቀለምና የላምባ ሽታውን ይዞ ይገባል። ትራሱ ሳይቀር ያንኑ ይሸት ነበር።

በ1970 ዓ.ም. ጥር ወር ከሥራ ሲወጣ ያዙት። ማተሚያ ቤቱ ውስጥ በራሪ ወረቀት ታትሟል ተባለ። እሱ ያትመው አያትመው አፀደ አላወቀችም፤ የምትጠይቀውም ሰው አልነበረም። ሦስት ቀን ወደታሰረበት ምሳ አመላለሰች። በአራተኛው ቀን ዘበኛው ሳህኑን ከነምግቡ መለሰላትና ወደ ጎን እያየ፣

"እትዬ፣ ከእንግዲህ አይልፉ" አላት።

በማግስቱ ስሙ ከሌሎች የተገደሉ ሰዎች ስሞች ጋር ቀበሌው በር ላይ ተለጠፈ።

ያን ጊዜ እንዲህ ላለው ሟች ድንኳን አይተከልም፣ ጥቁር አይለበስም፣ ድምፅም አይሰማም። ለቅሶ ለመድረስ የደፈረች አንዲት ሴት ብቻ ነበረች። እሷም ሩቅያ ናት፤ ከወሎ መጥታ እዚያው ግቢ የምትኖር፣ ባሏ የሞተባት፣ ቅመም የምትቸረችር ጎረቤቷ። ጨው ልትበደር የመጣች መስላ ገባችና መደቡ ላይ ከአፀደ ጎን ተቀመጠች። ከሰዓት በኋላውን ሁሉ አብራት ቆየች። ስትወጣ ጨው መያዝ ረሳች።

ሰው ስለ አፀደ ያላወቀው አንድ ነገር ነበር። አላለቀሰችም። ፈርታ አይደለም። እንባው ራሱ እምቢ አላት። በሯን ዘግታ፣ አፏን በነጠላ ይዛ፣ "አሁን ይመጣል" ብላ ጠበቀች፤ አልመጣም። የይገዙን ትራስ ወደ ራሷ አልጋ አዛወረችው። ፊቷን እሱ ላይ ደፍታ ትተኛለች፤ ጨርቁ ውስጥ የቀለሙና የላምባው ሽታ አለ። የትራሱን ልብስ አላጠበችውም። የራሷንም ፊት ውሃ አስነክቶ ከመተው በቀር በሳሙና መታጠብ ተወች። ማን ሊያየኝ ነው አለች።

ግንቦት ሲገባ ዓይኗን ይበላት ጀመር። መጀመሪያ አሸዋ የገባባት መሰላት። ከዚያ ጠዋት ስትነሳ ቆቦቿ በዓይናር ተጣብቀው በውሃ እያራሰች ማላቀቅ ሆነ ሥራዋ። የሚበላት ሽፋሽፍቷ ከበቀለበት ከሥሩ ነው፤ ስታሸው ይብስበታል። የቆቦቿ ጠርዝ ቀላ፣ አበጠ። በእያንዳንዱ ሽፋሽፍት ሥር እንደ ፎረፎር ያለ ነጭ ነገር ተጠመጠመ። ነፋስ ሲነካት፣ ፀሐይ ሲያገኛት ውሃው ጉንጯ ላይ ዱብ ዱብ ይላል። አንድ ቀን የጠለፈችው ነጭ ቀሚስ ላይ ጥቁር ክር ወድቆ አየችና በጥፍሯ ልታነሳው ሞከረች። ክር አልነበረም። የገዛ ሽፋሽፍቷ ነበር። አጠገቡ ሌላ ወድቋል።

ሰፈሩ ግን ያየው ሌላ ነገር ነው። ወንድሟ የተገደለባት ሴት በየጠዋቱ ዓይኗ ቀልቶ፣ አብጦ፣ እንባዋን እየጠረገች ትወጣለች። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ያስፈልጋል?

መጀመሪያ የቀረቧት ሴቶች ናቸው። ከማህበሩ ስትወጣ የማታውቃት ሴት እጇን ጨብጣ ሳትናገር ታልፋለች። ቦኖ ላይ ወረፋ ይለቁላታል። ከሁሉ ይልቅ እማማ ወለተማርያም ከበዷት። እማማ ወለተማርያም ስልሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ሁለት ልጆቻቸውን እንደ ይገዙ ባለ ሞት በአንድ ሳምንት ያጡ ሴት ናቸው። ሰፈር ውስጥ ሲሄዱ ፊታቸው ላይ ምንም አይነበብም፤ እንጨት ይመስላሉ። አንድ ጠዋት ቦኖው ጋ እንስራቸውን እያስሞሉ፣ ከንፈራቸውን ሳያንቀሳቅሱ፣

"ለእኔም አልቅሺልኝ" አሏት።

አፀደ "አላለቀስኩም እኮ" ልትል ነበር፤ የሴትዮዋን ፊት ስታየው እንስራዋን አንስታ ሄደች። ቤቷ ገብታ መደቡ ላይ ተቀመጠች። የሌላ ሰው ዕቃ በስህተት የተሰጣት፣ መመለሻውም የጠፋባት ያህል ተሰማት። ይገዙን አሳድጋ አንዲት ዘለላ እንባ ያልወጣላት ሴት፣ ያላለቀሰችው ለቅሶ ሲከበርላት ማየት ከብቸኝነቱ የባሰ ሆነባት።

ቀጥሎ ቀበሌው ጠራት። ሊቀመንበሩ ደቻሳ ይባላል፤ የቀድሞ የእንጨት ፋብሪካ ሠራተኛ፣ ቁጡ ባይሆንም የሰማውን ነገር የማይለቅ ሰው ነው። ጠረጴዛው ላይ ሽጉጡን ከማህተሙ ጎን አስቀምጦ ቆይቶ አያት።

"ለማን ነው የምታለቅሺው?"

"አላለቅስም፣ ጓድ ሊቀመንበር።"

"ዓይንሽን መስታወት ላይ አይተሽዋል?"

"ታሞብኝ ነው። ያሳክከኛል፤ ራሱ ነው ውሃ የሚያወጣው።"

"ስድስት ወር ሙሉ?"

"ከግንቦት ወዲህ ነው።"

ደቻሳ ወደ ኋላው ተደገፈ። "ጓድ አፀደ፣ በጸረ ሕዝብ ላይ እርምጃ ሲወሰድ ያዘነ ሰው ከማን ወገን እንደሆነ ታውቂዋለሽ። እኔ ክፉ ላስብብሽ አልፈልግም። ሰው ግን እያየሽ ነው። ሴቶቹ በአንቺ ኀዘናቸውን እየተወጡ ነው። በሽታ ከሆነ የሐኪም ወረቀት አምጪ። እስከዚያ በየእሑዱ ስብሰባ ፊት ወንበር ላይ ትቀመጫለሽ።"

ፊት ወንበር ላይ ተቀመጠች። አዳራሹ ውስጥ መፈክር ሲባል እጇን ታነሳለች፤ ያነሳችውን እጅ መልሳ ዓይኗን ትጠርግበታለች። ከኋላዋ ያለው ሰው ሁሉ ያያታል። ከዚያ በኋላ እጇን የሚጨብጧት ሴቶች ቀነሱ፤ ከእሷ ጋር መታየት ፈሩ። ማህበሩም ነጩን ጨርቅ እያቆሸሸችብን ነው ብሎ ከጥልፍ አነሳትና ክር ማጠንጠን ላይ አስቀመጣት። ሃያ ዓመት የወጋ እጇ ልቃቂት ሲያዞር ይውላል። የምሳ ሰዓት ሲደርስም ዓይኗ ይጋባል ብለው መሶባቸውን ከእሷ ያርቃሉ። ይህንን ያደረጉት እነዚያው "አልቅሺ" በሚል ዓይን ሲያዩዋት የነበሩት ናቸው። አንዲቷ ዓይን ለአንዱ ኀዘን፣ ለሌላው ወንጀል፣ ለሌላው ትራኮማ ሆና ሰፈሩን ሁሉ አዳረሰች።

ሩቅያ አልራቀቻትም። ስኳር የሌለው ሻይ አቀዝቅዛ በጥጥ አጠበችላት። ወደ ውስጥ የዞረ ፀጉር ነው ያሉ አሮጊት ዘንድ ወስዳ በወረንጦ አስነቀለችላት፤ ሦስት ቀን አረፈችና ተመለሰባት። አፀደ ራሷም እንጦጦ ወጥታ ሁለት ሱባኤ ጸበል ተጠመቀች። ክሊኒክ ሄዳ ትራኮማ ነው ተብላ የዓይን ቅባት ተሰጣት፤ ቅባቱ አለቀ፣ ዓይኗ ያው ነው።

"ጳውሎስ እንሂድ" አለቻት ሩቅያ በመስከረም። "ወረቀቱንም ትፈልጊው የለ።"

"ወረቀቱን ሰጥተውኝ ታምሜ ብቀርስ?"

"ወረቀቱ በሕይወት ያቆይሻል። ሌላውን አላህ ያውቃል።"

ጳውሎስ ሆስፒታል ገና በጠዋት ሄደው ወረፋ ያዙ። አፀደን ያያት ዶክተር ስብሐት የሚባል፣ ሠላሳውን ብዙ ያላለፈ፣ ቀጭን ሐኪም ነው። ሲያያት ፊቱን ያልሰበሰበ የመጀመሪያው ሰው ነበር። ቆቧን ገልብጦ አየ። ትራኮማ አይደለም አለ። ከዚያ መብራቱን አስጠግቶ የሽፋሽፍቶቿን ሥር ረጅም ጊዜ ተመለከተ።

"ሦስት ፀጉር ብነቅልብዎ ይፈቅዱልኛል?"

"ተነቅሎ አላለቀም እንጂ ይንቀሉት።"

በትንሽ ወረንጦ ነቀለና ቁራጭ መስታወት ላይ አስቀመጠው፤ የዘይት ጠብታ ጨመረበትና ወደ ማይክሮስኮፑ ሄደ። ጎንበስ ብሎ ቆየ። ቀና ሲል የደስታ ነገር ፊቱ ላይ ነበር፤ ደግሞ በደስታው አፈር አለ።

"ይምጡ እስቲ፣ ራስዎ ይዩት።"

አፀደ ዓይኗን ጠርጋ አስጠጋች። መጀመሪያ ብርሃን ብቻ ነበር። ከዚያ ሽፋሽፍቷ እንደ ግንድ ወፍሮ ታያት። በግንዱ ሥር ረጃጅም፣ ብርሃን የሚያሳልፉ ነገሮች ተጣብቀዋል፤ ጭንቅላታቸው አጠገብ አጫጭር እግር አላቸው። አንደኛው እግሩን አንቀሳቀሰ። ራሷን መንጭቃ መለሰች።

"ምንድን ነው ይሄ?"

"ተባይ ነው። በባዶ ዓይን አይታይም። ሽፋሽፍት የበቀለበት ቀዳዳ ውስጥ ይኖራል፤ ሲጨልምና ሰው ሲተኛ ወጥቶ ቆቡ ላይ ይሄዳል፤ ሲነጋ ይገባል። ያሳከከዎት እሱ ነው። ያቀላውም፣ ፀጉሩን ያረገፈውም።"

"ቆሻሻ ስለሆንኩ ነው?"

"አይደለም። እኔም ላይ ይኖር ይሆናል፤ ብዙ ሰው ላይ አለ። ሲበዛ ነው በሽታ የሚሆነው። እርስዎ ላይ በዝቷል።" ወንበሩን ስቦ ፊት ለፊቷ ተቀመጠ። "ፊትዎን በሳሙና ይታጠባሉ?"

"ትቼዋለሁ።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከጥር።"

ዶክተሩ ቀኑን ሲሰማ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። በዚያ ዓመት ጥር ማለት ምን እንደሆነ የማያውቅ የአዲስ አበባ ሰው አልነበረም። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

"ትራስዎስ? ጨርቁ ይታጠባል?" አላት።

አፀደ ነጠላዋን ሰበሰበች። ለማንም ያልተናገረችው ነገር ነው። ሩቅያ እንኳ አታውቅም።

"የወንድሜ ትራስ ነው" አለች። "አልታጠበም።"

 ከደጅ የበሽተኞቹ ስም ሲጠራ ይሰማል። ዶክተሩ በመጨረሻ ቢጫ ቅባት ጻፈላት፤ ማታ ማታ በሽፋሽፍቷ ሥር እንድትቀባው፣ ጠዋት በሞቀ ጨርቅ ከያዘችው በኋላ በለሰለሰ የሳሙና ውሃ ጠርዙን እንድታጥበው፣ ሁለት ወር ሳታቋርጥ እንድትይዘው ነገራት። ትራሱን በተመለከተ ግን ቃል መፈለግ ነበረበት።

"ጨርቁ መቀቀል አለበት። አለበለዚያ የምናደርገው ሁሉ ከንቱ ሊሆን ይችላል። አዝናለሁ።"

ወረቀቱንም ጻፈላት፤ የዓይኗ መቅላትና ማልቀስ ተባይ ካስከተለው የቆብ በሽታ የመጣ መሆኑን የሚገልጽ፣ ማህተም ያለበት። ደቻሳ ሁለት ጊዜ አነበበው። ጮክ ብሎ አነበበውም፤ "ተባይ" የምትለው ቃል ላይ ሲደርስ ጸሐፊው ሳቀ። እሑድ በስብሰባው ላይም ተነበበ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ፊት ወንበር ላይ መቀመጧ ቀረ። ያንን ቀን አፀደ ከፍርሃቷ ስትገላገል የተሰማት እፎይታ አልነበረም። አዳራሹ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ ወደ ሌላ ዞሮ፣ እሷ መሐሉ ላይ ብቻዋን የቆመች መሰላት።

ቅባቱን ቀባች፤ ጠዋት ጠዋት አጠበች። ትራሱን ግን አልነካችውም። ለሁለት ሳምንት ልቧን እያታለለች፣ ጨርቁን ገልብጣ፣ በላዩ ላይ ነጠላ አንጥፋ ተኛች። ዓይኗ አንድ ቀን ቀለል ይላታል፣ በማግስቱ ይመለስባታል። አንድ ማለዳ እያከከች ነቅታ፣ ፊቷን ከነጠላው አውርዳ ጨርቁን አሸተተችው። ፈልጋ ፈልጋ ሽታውን አጣችው። ያለው የራሷ ሽታ ብቻ ነው፤ የዓይኗ ፈሳሽና የቅባቱ። መቼ እንደጠፋ አታውቅም። ለስንት ጊዜ ያህል የሌለ ነገር ስትጠብቅ እንደኖረች አታውቅም።

ተነስታ ምድጃውን አቀጣጠለች። ሩቅያ በበሩ ብቅ አለችና ያየችው ገባት።

"ስጪኝ፣ እኔ ላጥበው" አለቻት።

"ተይው። እኔ ነኝ የማጥበው።"

ውሃው እስኪፈላ ቆማ ጠበቀች። ጨርቁን ከተተችው። በእንጨት እየጫነች አገላበጠችው፤ ውሃው መጀመሪያ ግራጫ ሆነ፣ ቀጥሎ ጠቆረ። የማተሚያ ቀለም ነበር። ይገዙን ታጥቦም የማይለቀው፣ ፀጉሩ ሥር ይዞት የሚገባው። አፀደ ያንን ጥቁር ውሃ ምድጃው ላይ እያየች እንጨቱን አቆመች። የመድፋቱን ጉልበት ሩቅያ ሰጠቻት፤ ድስቱን በአንድ ጎን ይዛላት አብረው ደፉት። ጨርቁን ግቢው ገመድ ላይ አሰጣችው። ነጭ ሆነ። የማንም ሊሆን ይችል ነበር።

እስከ ኅዳር መጨረሻ ዓይኗ ጠራ። ጠርዙ መቅላቱን ተወ፣ ሽፋሽፍቷ ከመሐል ከመሐል እየሳሳ ቢሆንም በቀለ። ማህበሩ መርፌዋን መለሰላት። ጀርባዋን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ቀሚሱን ስትዘረጋ ግን እንደ ድሮው ቀና ብላ ልትወጋ አልቻለችም፤ ትንሽ ማጎንበስ ነበረባት።

ስትድን የሆነው ነገር ያልጠበቀችው ነው። ቦኖ ላይ ወረፋ የሚለቅላት ጠፋ። አንዲት ሴት ከኋላዋ ለጓደኛዋ፣ "ተባይ ነበር አሉ። እኛ ለወንድሟ መስሎን" ስትል ሰማች። ሌላዋ፣ "ዓመት ሳይሞላው እንዲህ ፊቷ ፈካ" አለች። የተሸከመችው የሰው ኀዘን ሁሉ ከላይዋ ተነስቶ የራሷ ብቻ ቀረላት፤ እሱም ከደረቷ ወጥቶ አያውቅም።

ለእማማ ወለተማርያም እውነቱን ለመንገር ራሷ ሄደች። ቤታቸው ከግቢዋ ሁለት አጥር ያህል ይርቃል። በር ላይ ተቀምጠው ጎመን ይቀነጥሱ ነበር።

"እማማ፣ ያን ጊዜ ቦኖ ላይ ያሉኝን..." አለች አፀደ ቆማ። "አላለቅስም ነበር። ለይገዙም፣ ለእርስዎ ልጆችም። እንባ አልወጣ ብሎኝ ነው። ዓይኔ ነበር የታመመው። ዝም ማለቴ ማታለል ሆኖብኛል።"

እማማ ወለተማርያም ጎመኑን መቀንጠስ አላቆሙም።

"ወረቀቱ ሲነበብ ነበርኩ" አሉ። "እኔም አልወጣልኝም። ሁለት ልጅ ቀብሬ፣ መቼም መቀበር ከተባለ፣ አንዲት ጠብታ። ለዚህ ነው አንቺን ሳይ የሚቀለኝ። ከእኛ መሐል አንዷ እንኳ ታልቅስ እል ነበር።" ቀና ብለው የጠራ ዓይኗን አዩት። "አሁን ወደ ማን ልይ?"

 አፀደን እንድትቀመጥ አላሏትም። ወደ ቤቷ ተመለሰች።

ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ መንገድ ላይ ሲገናኙ አንገታቸውን ብቻ ዝቅ አድርገው ይተላለፋሉ። በሁለተኛው ዓመት ሩቅያ ልጇ ወደሚኖርበት ደሴ ሄደች፤ ከዚያ ወዲህ በአፀደ በር የሚገባ ሰው አልነበረም ቢባል ውሸት አይሆንም። ጠዋት ቆቧን በሞቀ ጨርቅ ትይዛለች፣ ትታጠባለች፣ ማህበር ትሄዳለች፣ ትመለሳለች። ዶክተሩ ተባዮቹ ሙሉ በሙሉ እንደማይጠፉ ነግሯት ነበርና አንድ ቀንም አላቋረጠችም። እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ወደ እንጦጦው ዳገት ወጥታ ባህር ዛፉ ሥር ትቀመጣለች፤ ሲበርዳት ትወርዳለች።

በ1974 ዓ.ም. የካቲት፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ በሯ ተንኳኳ። እማማ ወለተማርያም ናቸው፤ አርጅተዋል፣ ምርኩዝ ይዘዋል። አፀደ መሬት ላይ ክር ዘርግታ ነበር። ምን ልርዳዎ ሳትል በርጩማውን አቀረበችላቸው። ተቀመጡ። ሁለት እጃቸውን ወደ ፊት ዘረጉ፤ አፀደ ነገሩ ገባትና የክሩን ጥቅል እጃቸው ላይ አጠለቀችላቸው፣ ጫፉን ይዛ ማጠንጠን ጀመረች።

"ዓይንሽ ደህና ነው?" አሏት።

"ደህና ነው። ጠዋት ጠዋት አጥበዋለሁ።"

"ደግ ነው።"

 ክሩ እስኪያልቅ ድረስ እማማ ወለተማርያም እጃቸውን እንደዘረጉ ቆዩ፤ ሲደክማቸው ክርናቸውን ጉልበታቸው ላይ ያሳርፉ ነበር። ሲያልቅ ምርኩዛቸውን ይዘው ተነሱ። አፀደ እስከ አጥሩ ሸኘቻቸው። በሳምንቱ ቅዳሜ አልመጡም፤ በሌላኛው ቅዳሜ ግን መጡ።